የቴሌቪዥን የምርጫ ክርክር፦ «ማን አሸነፈ?» ሲባል መልሴ ለምን ይዋዥቃል?

ያልወሰነች መራጭ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የእጩዎችን ክርክር ስከታተል «ይሄኛው በለጠ» እላለሁ። ተንታኞቹ ሲያወሩ ቆይተው ወደ ሌላው አዘነብላለሁ። በማግስቱ የ20 ሰከንድ ቪዲዮ በየስልኩ ሲዞር ደግሞ ሁለቱንም ትቼ በዚያች ቪዲዮ እፈርዳለሁ። የማንም ደጋፊ አይደለሁም፤ ክርክሩ ለመወሰን እንዲረዳኝ ነው የማየው። የራሴን ፍርድ ከሰው ፍርድ እንዴት ልለይ? እያየሁ ምን ልጻፍ? ክርክሩ እንዳለቀ የሚወጣው «ይህን ያህል በመቶ እገሌ አሸነፈ ብሏል» የሚለው ቁጥርስ ይታመናል? ዝርዝር የምታውቁ ጻፉልኝ።

ባለ ማስታወሻ፦

እህቴ፣ የምትዪው ነገር በደንብ የታወቀ ነው። (ዓመቶቹን በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።) በ1976 የአሜሪካ ምርጫ ፕሬዚዳንት ጄራልድ ፎርድ ከጂሚ ካርተር ጋር ሲከራከሩ ምሥራቅ አውሮፓ በሶቪየት ቁጥጥር ሥር እንዳልሆነ ተናገሩ። ያን ሌሊት ወዲያው የተጠየቁ ተመልካቾች ነገሩን ከቁም ነገር አልቆጠሩትም፤ ፎርድ በለጡ ያሉትም ብዙ ነበሩ። በማግስቱ ዜናው ሁሉ ይህችው ዓረፍተ ነገር ሆነች። ቀኑ ሲመሽ የተጠየቁት ሰዎች በሰፊ ልዩነት ካርተር አሸነፉ አሉ። ክርክሩ ያው ነው፤ በመሃል የገባው ዜናው ነው።

ስለዚህ አወያዩ «ደህና እደሩ» ሲል ቴሌቪዥኑን ዝጊው። አምስት ደቂቃ ይበቃል፤ ሦስት መስመር ጻፊ፦ የተጠየቀውን ይበልጥ የመለሰው ማን ነው፣ ከዚህ በፊት የማላውቀው ምን ሰማሁ፣ ነገ የማጣራው የትኛውን ነው። ሰዓቱንም ጻፊበት። ተንታኝ የምትሰሚው ከዚያ በኋላ ነው። ስልክሽም በክርክሩ ሰዓት ሌላ ክፍል ይዋል፤ በየደቂቃው የሚለጠፈው አስተያየት ያው ትንታኔ ነው፣ ቀድሞ መድረሱ ብቻ ነው ልዩነቱ።

ወረቀቱን በተመለከተ፣ አንድ ኤ4 ወደ ጎን አዙረሽ በግራ ሰፋ ያለ ዓምድ ለጥያቄው፣ ከዚያ ለእያንዳንዱ እጩ አንድ አንድ ዓምድ አስምሪ። አወያዩ ጥያቄውን ሲያነሳ ፍሬ ነገሩን ከአምስት እስከ ስምንት ቃል ጻፊ። ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ ዋናው ግን እሱ ነው። ጥያቄው ሌላ መልሱ ሌላ ሲሆን ወዲያው የምንነቃ ይመስለናል። በሙከራ የታየው ግን ተናጋሪው ለተቀራራቢ ጥያቄ አንደበቱ ሳይደናቀፍ ከመለሰ አብዛኛው አድማጭ የተጠየቀው ምን እንደነበር ይጠፋበታል። በዚያው ሙከራ ጥያቄው ስክሪኑ ላይ ተጽፎ ሲቆይ ማምለጡን የሚያስተውለው ሰው በዛ። ጣቢያው ካልጻፈልሽ አንቺ ጻፊው።

ማምለጫው ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ጥያቄ፦ «የነዳጅ ድጎማው ይነሳል ወይስ ይቀጥላል?» መልስ፦ «የኑሮ ውድነቱ ሕዝባችንን እያማረረ ነው። ይህን ከማንም በላይ እናውቃለን። መፍትሔው ምርታማነትን ማሳደግ ስለሆነ በመስኖ ልማት ላይ…» ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ድጎማው የለም። መልሱ ግን ጥሩ መልስ ይመስላል፤ ስለ መስኖ የተነገረው እውነት ሊሆንም ይችላል።

ምልክት አራት ይበቃሻል። «መ» መለሰ፣ «ሸ» ሸሸ፣ «ቁ» ቁጥር ጠቀሰ (ይጣራ)፣ «ቃ» ቃል ገባ። «ቃ» ባልሽበት ቦታ ሁሉ ከሥሩ ሦስት ነጥብ ያዢ፦ በምን ገንዘብ፣ እስከ መቼ፣ በማን ሥልጣን። እጩው የተናገረውን ነጥብ ብቻ አክብቢ። ቀልዱን፣ ጭብጨባውን፣ ስድቡን አትጻፊ፤ እሱ ሳይጻፍም አይረሳም።

የሚበላሸው የት ነው? አንደኛ፣ ብዙ በመጻፍ ቀጣዩ መልስ ያመልጣል። ሁለተኛ፣ ልባችን ላዘነበለለት እጩ ግማሽ መልስ ስትመጣ «መ» እንሰጣለን፣ ለሌላው ያችኑ «ሸ» እንላለን። ሲያልቅ የእጩዎቹን ስም በእጅሽ ሸፍነሽ ሦስት አራቱን መልስ እንደገና ገምግሚ። ምልክቱ ከተለወጠ አድልዎው የት እንደነበረ እዚያው ታዪዋለሽ።

ከካሜራው ጀርባ፦

ከላይ ያለው ትክክል ነው፤ የምስሉን ነገር ልጨምር። ተመልካች የሚፈርደው በሚናገረው እጩ ብቻ አይደለም። ዳይሬክተሩ የሚያዳምጠውን ሰው ፊት መርጦ ያሳይሻል፤ ስክሪኑ ለሁለት ሲከፈል ደግሞ ያ ፊት ለሙሉ ሰዓቱ ዕይታ ውስጥ ነው። በ1992ቱ የአሜሪካ ምርጫ ክርክር ጆርጅ ቡሽ አባትየው ሰዓታቸውን አየት ያደረጉባት ቅጽበት ከመልሶቻቸው ሁሉ በላይ ተወራላት። በ2000 ጆርጅ ቡሽ ልጅየው ሲናገሩ ተፎካካሪያቸው አል ጎር ማይካቸው ክፍት ሆኖ ደጋግመው በረጅሙ ሲተነፍሱ ተሰማ። ሰኔ 27 ቀን 2024 (ቀኖቹም በጎርጎርዮስ ናቸው) በአትላንታው ክርክር ባይደንን የጎዳቸው የመልሳቸው መቆራረጥ ብቻ አይደለም፤ ትራምፕ ሲናገሩ አፋቸውን ከፍተው ፈዝዘው የሚታዩበት ግማሽ ስክሪንም ነበር። ሐምሌ 21 ቀን ከውድድሩ ወጡ።

የዚያው ምሽት ደንብም መታወቅ አለበት፦ አዳራሹ ውስጥ ታዳሚ አልነበረም፣ ተራው ያልደረሰ ሰው ማይክ ይዘጋ ነበር። ማይክ ሲዘጋ የማቋረጥ ልማድ ያለው ሰው ጨዋ ሆኖ ይታያል፣ ጠባዩ ግን ያው ነው። ታዳሚ ሲኖር ደግሞ ጭብጨባው ቤት ላለው ሰው «ይህ ጥሩ ነበር» እያለ ይነግረዋል፤ የመግቢያ ትኬቱን ማን እንዳከፋፈለው ሳታውቂ ጭብጨባውን አትቁጠሪ። ቁመትም ይስተካከላል፦ በ1988 እጩው ማይክል ዱካኪስ ከአትሮኖሱ ኋላ ከፍ ያለ መቆሚያ ተሠርቶላቸው ነበር።

የታወቀው ምሳሌ መስከረም 26 ቀን 1960 ቺካጎ ላይ የተደረገው የኬኔዲና የኒክሰን ክርክር ነው። ኒክሰን ጉልበታቸውን ታመው ከሆስፒታል ከወጡ ብዙም አልቆዩም፣ ክብደት ቀንሰዋል፣ ግራጫ ሱፋቸው በጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን ከኋላቸው ካለው ግድግዳ ጋር ተመሳስሏል፣ ፊታቸው ደግሞ በመብራቱ ያልበው ነበር። በሬዲዮ የሰሙት «ኒክሰን አሸነፈ» አሉ፣ በቴሌቪዥን ያዩት «ኬኔዲ» አሉ ይባላል።

እንዲህ አድርጊ፦ የመጀመሪያውን ርዕስ እያየሽ፣ ሁለተኛውን ጀርባሽን ለስክሪኑ ሰጥተሽ አድምጪ። ከዚያ የሁለቱን ርዕስ ምልክቶች አወዳድሪ። ቅጂው ካለሽ ያንኑ ርዕስ አንዴ በድምፅ ብቻ፣ አንዴ በምስል ብትደግሚው ይበልጥ ይጠራል። ድምፁን ዘግቶ ምስሉን ብቻ ማየትም ይመከራል፤ እኔ ግን ጥቅሙ አይታየኝም። የሚለካው ማን ደስ እንደሚል ነው፣ እሱንማ ያለ ሙከራም ታውቂዋለሽ።

ናሙና ቆጣሪ፦

የ1960ው የሬዲዮ ታሪክ ሲነገር አንድ ነገር ይቀራል። ምንጩ አንድ የአስተያየት ጥናት ነው፤ በውስጡ ያሉት የሬዲዮ አድማጮች 300 እንኳ አይሞሉም፣ ከክርክሩ በፊት ማንን ይደግፉ እንደነበርም በወጉ አልተለየም። ያኔ ቴሌቪዥን ያልነበረው ገጠሬ ደግሞ ቀድሞውንም ወደ ኒክሰን ሊያደላ ይችላል። ምስል ለውጥ አያመጣም ማለቴ ግን አይደለም። በኋላ ክርክሩን ለማያውቁ ወጣቶች ለግማሾቹ በድምፅ፣ ለግማሾቹ በምስል በቀረበበት ሙከራ፣ በምስል ያዩት ኬኔዲን አሸናፊ የማድረግ ዝንባሌያቸው ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ድምዳሜው ይቆማል፣ ማስረጃው ግን ሌላ ነው።

ወደ ጥያቄሽ፦ «ወዲያው የተደረገ ጥናት» ሲባል መጀመሪያ ዓይነቱን ለዪ። ድረ ገጽ ላይ ማንም እየገባ የሚጫነው ድምፅ አሰጣጥ ምንም አይለካም፤ ደጋፊ ተጠራርቶ የሚሞላው ነው። በናሙና የተመረጡ ሰዎች ተደውሎላቸው የሚሠራው ይሻላል፣ ግን ሁለት ነገር ተመልከቺ።

አንደኛው የስህተት ህዳጉ ነው፤ ሁሉም ሰው ስላልተጠየቀ ቁጥሩ ወደ ላይም ወደ ታችም ሊዛነፍ የሚችልበት ልክ ማለት ነው። ናሙናው 500 ሰው ከሆነ ህዳጉ ወደ 4.4 በመቶ ነጥብ ነው፤ 1,000 ከሆነ ወደ 3.1። ይህ ግን ለአንዱ እጩ ቁጥር ነው። በሁለቱ መካከል ላለው ልዩነት ህዳጉ እጥፍ ሊደርስ ምንም አይቀረው። 500 ሰው ተጠይቆ 46 ለ 41 ቢመጣ፣ የ5 ነጥብ ብልጫ በ8 ነጥብ ህዳግ ውስጥ ነው፤ «አሸነፈ» የሚያሰኝ ነገር የለውም።

ሁለተኛው፣ የተጠየቁት ክርክሩን ያዩ ሰዎች መሆናቸው ነው። የአንዱ ፓርቲ ደጋፊ በብዛት ካየ ውጤቱ ወደዚያ ያጋድላል። ስለዚህ ከተጠያቂዎቹ ስንቱ ቀድሞ የማን ደጋፊ እንደነበር ካልተጻፈ ቁጥሩን እለፊው።

ስክሪኑ ሥር ከፍ ዝቅ እያለ የሚሄደው፣ የተመረጡ ተመልካቾች በየቅጽበቱ የወደዱትንና የጠሉትን የሚያሳየው የስሜት መስመርስ? እሱን በወረቀት ሸፍኚው። በብሪታንያው የ2010 ክርክር 150 ሰዎች በቀጥታ ስርጭት ላይ ሆን ተብሎ ለአንድ መሪ ያደላ መስመር እንዲያዩ ተደርጎ ነበር፤ ማን አሸነፈ ለሚለው የሰጡት መልስ መስመሩን ተከተለ። በእውነተኛው ስርጭት መስመሩን የሚያንቀሳቅሱት ጥቂት ሰዎች ብቻ መሆናቸውን አስቢ።

ክርክር ማሸነፍ ምርጫ ማሸነፍ አለመሆኑም አይዘንጋ። በዚያው ዓመት ብሪታንያ ሚያዝያ 15 ቀን የመጀመሪያውን የመሪዎች የቴሌቪዥን ክርክር ስታደርግ የሊበራል ዴሞክራቶች መሪ ኒክ ክሌግ በሁሉም አፍ ገቡ። በምርጫው ግን ፓርቲያቸው ከ62 መቀመጫ ወደ 57 ወረደ። በበርካታ አገሮች የተደረጉ 56 ክርክሮችን የመረመረ ጥናትም ክርክሮች የሰዎችን የድምፅ ውሳኔ ሲለውጡ አላገኘም።

ተሟጋች፦

እኔ በከፊል አልስማማም። አቀራረብን ሁሉ «ትያትር» ብሎ መጣልም ስህተት ነው። በ2011 ለአሜሪካ ፕሬዚዳንትነት ይወዳደሩ የነበሩት ሪክ ፔሪ እዘጋቸዋለሁ ያሏቸውን ሦስት መሥሪያ ቤቶች ሲቆጥሩ ሦስተኛው ጠፋባቸው። ይህ የመድረክ ፍርሃት ብቻ አይደለም፤ የራሳቸው ዋና ዕቅድ ምን ያህል የራሳቸው እንደሆነ ይነግርሻል። በ2016 ደግሞ ሌላው ተወዳዳሪ ማርኮ ሩቢዮ የተሸመደደ ንግግር ይደግማሉ ተብለው ሲከሰሱ መልሳቸው ያንኑ ዓረፍተ ነገር መድገም ነበር።

ስለዚህ በወረቀቱ ላይ አምስተኛ ምልክት ጨምሪ፦ «ድ»፣ ያንኑ ሐረግ ሲደግም። ለአወያዩ ሁለተኛ ጥያቄ ደግሞ ከመጀመሪያው ይልቅ ጆሮ ስጪ። የመጀመሪያው መልስ ቤት ውስጥ የተጠና ነው፤ «እሱን አልጠየቅሁም፣ ዓመቱን ይንገሩኝ» ሲባል የሚመጣው ነው የሰውዬው። የድምፅ መወፈር፣ የንግግር ፍጥነት፣ የልብስ ነገር ግን ለሥልጣኑ ሥራ የሚጠቅም ነገር የላቸውም፤ እነሱን ለካሜራው ሰው ትቼለታለሁ።

ያልወሰነች መራጭ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁም። አንድ ነገር ልጨምር፦ ሁለት እጩ ሳይሆን ሰባት ፓርቲ ሲቀርብ ወረቀቱ እንዴት ይሆናል? የሚጠቅሱትን ቁጥርስ በማግስቱ እንዴት ላጣራ?

ባለ ማስታወሻ፦

መጀመሪያ ሒሳቡን ሥሪው። ክርክሩ 120 ደቂቃ ቢሆንና 15ቱ ለአወያዩ ቢሄድ፣ ለሰባት ፓርቲ በነፍስ ወከፍ 15 ደቂቃ ነው። አምስት ርዕስ ካለ በርዕስ 3 ደቂቃ። በ3 ደቂቃ ማንም ዕቅዱን አብራርቶ አይጨርስም፣ ስለዚህ «አላብራራም» ብለሽ አትቅጪ፤ ጥያቄውን ነካው ወይስ አልነካውም የሚለውን ብቻ ያዢ። ሰባቱንም መከታተል አይቻልም። አስቀድመሽ ድምፅ ልትሰጪያቸው የምትችዪውን ሁለት ወይም ሦስት ምረጪና ዓምድ ለእነሱ አስምሪ፤ የቀሩት አንድ የጋራ ዓምድ ይበቃቸዋል። የተናገረበትን ሰዓት በስልክ መቁጠሪያ ያዢ፣ አወያዩ ያደላ መስሎሽ ከሆነ ያለ ቁጥር አትክሰሺው። የፈረንሳይ ጣቢያዎች የእያንዳንዱን ተከራካሪ የንግግር ሰዓት ስክሪኑ ላይ ያሳያሉ፤ ሌላውም ቢያደርገው ጥሩ ነበር።

ሌላው፣ ፓርቲዎች ሲከራከሩ በየርዕሱ የተለያየ ሰው ይልካሉ፤ እኛ አገር በ1997ቱ ምርጫ (ይህ በእኛ አቆጣጠር ነው) በቀጥታ ይተላለፉ የነበሩት ክርክሮች እንዲህ ነበሩ። በኢኮኖሚ ርዕስ ያስደመመሽ ሰው በአንቺ የምርጫ ክልል ላይወዳደር ይችላል። የወረዳሽ እጩ ማን እንደሆነ በወረቀቱ አናት ላይ ጻፊ።

ቁጥሩን ስታጣሪ ሁሉንም አታሳድጂ፤ «ቁ» ካልሻቸው ሦስቱን ምረጪ፣ ለውሳኔሽ የሚከብዱትን። ሦስት ወጥመድ አለ። ሥራ አጥነት ከ4 ወደ 6 በመቶ ቢወጣ አንዱ «በ2 ነጥብ ጨመረ» ይላል፣ ሌላው «በ50 በመቶ አሻቀበ» ይላል፤ ሁለቱም ልክ ናቸው፣ ሁለቱንም እንደ ተቃራኒ አትያዣቸው። መነሻ ዓመቱን እዪ፤ በጦርነት ወይም በድርቅ ዓመት የጀመረ ስሌት ብዙ ጊዜ ዕድገት ያሳያል። «ይህን ያህል የሥራ ዕድል ፈጠርን» ሲባል የተዘጋው ሥራ ተቀንሶለታል ወይ ብለሽ ጠይቂ። ምንጩን ከስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤቱ ወይም ከማዕከላዊ ባንኩ ዘገባ ፈልጊ፣ ከሌላው ፓርቲ ገጽ አይደለም።

ለ«ቃ»ዎቹ ደግሞ ማኒፌስቶውን ክፈቺ። በመድረክ የተባለው እዚያ ካለ የገጹን ቁጥር ከጎኑ ጻፊ። ከሌለ «የለም» በዪ፤ በቀጣዩ ክርክር ያንኑ ቃል ይደግሙት እንደሆነ ወረቀቱን ይዘሽ ተቀመጪ።