ጥቆማ፦ አዲስ ቤት ገብቼ የመብራትና የጋዝ ሂሳቡን በስሜ ማዞር እፈልጋለሁ፤ የትኛው አቅራቢ ይሻላል?

ጠያቂዋ ከቶተንሃም
ጤና ይስጥልኝ። ከሌስተር ወደ ሰሜን ለንደን ከተዛወርኩ ሦስተኛ ሳምንቴን ይዣለሁ። የተከራየሁት በአሮጌ ሕንፃ ምድር ላይ ያለ ባለ አንድ መኝታ ቤት ሲሆን፣ መብራቱ በቁልፍ እየተሞላ የሚሠራ ቆጣሪ አለው፤ ጋዙ ግን በየወሩ ቢል የሚመጣበት ነው። አከራዬ «የመብራቱ ቁልፍ ከኩሽናው መሳቢያ ውስጥ አለ» ብሎኝ ሄደ። እኔም ያንኑ ይዤ ከሱቅ 20 ፓውንድ አስሞልቼ ወደ ቆጣሪው ባስገባው፣ ያሳየኝ 12 ፓውንድ ከምናምን ብቻ ነው። በዚያ ላይ «ለነዋሪው» የሚል ደብዳቤ እየደጋገመ ይመጣና 640 ፓውንድ የጋዝ ዕዳ እንዳለ ይነግረኛል። ቀን ሥራ ውሎ ማታ ብቻ ቤቱ ለሚገኝ ሰው የሚስማማው፣ ሲደወልለትም የሚያነሳው አቅራቢ የትኛው ነው? ወደ እርሱ ለመዛወርስ ከየት ልጀምር?

የካሌዶኒያን ሮዱ
እንኳን ደኅና መጡ፣ እህታችን። ብዙ ሳይደክሙ ብሪትሽ ጋዝ ይግቡ። እኔ ከገባሁ 19 ዓመት ሞላኝ፤ ልጆቼ ተወልደው ለዩኒቨርሲቲ እስኪበቁ ድረስ አንድ ቀን እንኳ መብራት ጠፍቶብኝ አያውቅም።

ቆጣሪ አንባቢ
ወንድሜ፣ መብራት የማይጠፋው በአቅራቢው ደግነት አይደለም። በለንደን ሽቦውን የሚጠብቀው ዩኬ ፓወር ኔትዎርክስ ነው፤ አቅራቢው ሂሳቡን ይይዛል፣ ቢሉን ይልካል። ዋጋውንም ቢሆን የኃይል ገበያው ተቆጣጣሪ ኦፍጌም በየሦስት ወሩ የሚያወጣው ጣሪያ ስላለ፣ የትልልቆቹ አቅራቢዎች መደበኛ ታሪፍ ልዩነቱ የሳንቲም ነው። ጣሪያው የተጣለው ደግሞ በአንድ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋና በዕለታዊው ቋሚ ክፍያ ላይ እንጂ በጠቅላላው ቢል ላይ አይደለም፤ ብዙ የሚያነድ ብዙ ይከፍላል።

የካሌዶኒያን ሮዱ
ይሁን፤ እኔ ግን ስደውል ሰው ያነሳልኛል።

አባ ቆጣቢ
ኦክቶፐስን የሞከረ ወደ ሌላ አይመለስም። እኔ የቡልብ ደንበኛ ነበርኩ። በ2021 ቡልብ ሲወድቅ፣ በዚያ ዓመትና በሚቀጥለው ወደ 30 የሚጠጉ አቅራቢዎች እንደ ቅጠል ሲረግፉ፣ እኛን የተረከበን ኦክቶፐስ ነው፤ ይህን ውለታ አልረሳም። በየግማሽ ሰዓቱ ዋጋው የሚለዋወጥ «አጃይል» የሚባል ታሪፍም አላቸው፤ እጅግ ርካሽ ነው። ሊንኩን በውስጥ መስመር እልክልዎታለሁ።

ዝም ብሎ አንባቢ
ውለታው በእርግጥ የሚረሳ አይደለም፤ በሊንኩ ሰው ሲገባ 50 ፓውንድ ለገቢው፣ 50 ፓውንድ ደግሞ ለጋባዡ እንደሚታሰብ ግን አባ ቆጣቢ ለመጥቀስ ሳይረሱ አልቀሩም። ደግሞም አጃይል የሚወደደው በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 10 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ነው። ከሥራ ገብታ ራት የምትሠራ ሴት ይህን ታሪፍ ብትወስድ የምትቆጥበው ባትበላ ብቻ ነው። ንባቡን ራሱ ለአቅራቢው የሚልክ ስማርት ቆጣሪ የሚፈልግ መሆኑን፣ እርሷ ያላት ደግሞ የቁልፍ ቆጣሪ መሆኑን ልተወው።

አባ ቆጣቢ
ሊንኩ ለእርሷም ስለሚጠቅም ነው እንጂ 50 ፓውንድ አላጣሁም።

የፔክሃሙ
ስለ አቅራቢ ምርጫ ከመከራከራችሁ በፊት የእኔን ስሙ። ከአራት ዓመት በፊት ለሦስት ፍላት የተከፈለ የቪክቶሪያ ዘመን ቤት ውስጥ ስገባ የቆጣሪውን ፎቶ ሳላነሳ ቀረሁ። ሌሊት እሠራለሁ፣ ቀን እተኛለሁ፣ ከሻይ በቀር የማፈላው ነገር የለም። በሰባተኛው ወር 1,380 ፓውንድ የሚል ቢል መጣ። ብደውል «ብዙ ስለተጠቀሙ ነው» ተባልኩ፤ ደግሜ ብደውል ሌላ ሰው አነሳና ታሪኩን ከመጀመሪያው እንድነግረው ጠየቀኝ። አንድ እሑድ ከደረጃው ሥር ወዳለው ጠባብ ቁም ሣጥን ጎንበስ ብዬ ገባሁ፣ የቤቴን ዋና ማጥፊያ አወረድኩ፣ በስልኬ ብርሃን የእኔ ነው የተባለውን ቆጣሪ አየሁ። ቤቴ ጨልሞ ሳለ ቀይዋ መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች። ላይኛው ፎቅ ያለችውን ጎረቤቴን «እባክሽ ኬትሉን አብሪው» ብዬ ተጣራሁ። ወዲያው ብልጭታዋ መቁጠር እስኪያቅተኝ ድረስ ፈጠነች፤ ውሃው ፈልቶ ኬትሉ ቀጭ ሲል እንደገና ዘገየች። ሰባት ወር ሙሉ የተጻፈብኝ የእርሷ መብራት ነበር።

እናት ከስትሬተም
ወይ ጉድ! የትኛው ድርጅት ነው? ስሙን ይንገሩንና እንጠንቀቅ።

የፔክሃሙ
ስሙን አልጠራም። ቆጣሪዎቹ የተዛነቁት ቤቱ ሲከፈል በመዝገብ ላይ ነው፤ ይህ በማንኛውም ድርጅት ሊደርስ ይችላል። የሚያናድደኝ መዛነቁ ሳይሆን፣ ቪዲዮ አንስቼ ከላክሁላቸው በኋላ እንኳ «የእኛ መዝገብ ትክክል ነው» ማለታቸው ነው።

የካሌዶኒያን ሮዱ
የእኔ ድርጅት እንዳልሆነ እርግጠኛ ነኝ።

ዝም ብሎ አንባቢ
ማስረጃው ምንድን ነው? 19 ዓመቱ?

እናት ከስትሬተም
ታዲያ እንዴት ተገላገሉ? ጎረቤትዎስ ገንዘቡን መለሰችልዎት?

የፔክሃሙ
አቤቱታ ካስገባሁ ስምንት ሳምንት ሲያልፍ ወደ ኢነርጂ እንባ ጠባቂው ወሰድኩት። አገልግሎቱ ነፃ ነው፤ አቤት ባዩ ውሳኔውን ከተቀበለ ደግሞ ድርጅቱ የመፈጸም ግዴታ አለበት። ሂሳቡ ታርሞ ይቅርታ የሚል ደብዳቤ ደረሰኝ። ጎረቤቴን በተመለከተ፣ የዓመታት ሂሳብ በአንድ ጊዜ እንዳይጫንባት ሰግቼ ነበር፤ ነገር ግን ጥፋቱ የአቅራቢው ሲሆን ከ12 ወር በፊት ለነደደው ኃይል ማስከፈል ስለማይቻል ብዙም አልተጎዳችም። አሁንም ኬትል በጣደች ቁጥር ወደ ታች ትጣራለች።

ነገር አዋቂ
ለጠያቂዋ፦ ምንም ውል ስላልፈረሙ ምንም አይክፈሉ። ደብዳቤውንም ሳይከፍቱ «እዚህ የለም» ብለው ጽፈው ወደ ፖስታ ሣጥን ይመልሱት።

ቆጣሪ አንባቢ
ይህ ምክር ሰው ያስቀጣል። ውል ባይፈርሙም ቤቱን ከተረከቡበት ቀን ጀምሮ ከነባሩ አቅራቢ ጋር ውል እንዳለዎት ይቆጠራል። የቀድሞው ሰው ዕዳ የእርስዎ አይደለም፤ ከገቡበት ቀን ወዲህ ያነደዱት ግን የእርስዎ ነው። «ለነዋሪው» የሚል ደብዳቤ ደግሞ ነዋሪው እርስዎ ስለሆኑ ለእርስዎ የተጻፈ ነው። ዝም ከተባለ፣ ድርጅቱ በፍርድ ቤት ፈቃድ ቤት ገብቶ የቅድመ ክፍያ ቆጣሪ እስከ መግጠም ይደርሳል።

እማማ ምጣድ
ይቅርታ፣ ከመንገድ አላስወጣችሁም፤ ነገሩ የመብራት ሂሳብ ስለሆነ ነው። የቁልፍ ቆጣሪ ያለው ቤት ውስጥ እንጀራ መጋገር ያዋጣል? እሑድ ሁለት ሰዓት ስጋግር አምስት ፓውንድ የሚበላብኝ ይመስለኛል። አንዲት ጓደኛዬ ደግሞ በሌሊት ታሪፍ ጋግሪ ትለኛለች።

ቆጣሪ አንባቢ
እማማ፣ ምጣድዎ 3,500 ዋት ከሆነና ሁለት ሰዓት ሙሉ ሳይቋረጥ ቢነድ 7 ኪሎዋት ሰዓት ይወስዳል፤ በ27 ፔንስ ብናሰላው 1 ፓውንድ ከ89 ፔንስ ነው። የሌሊቱ ታሪፍ፣ ኢኮኖሚ 7 የሚባለው፣ ለሰባት የሌሊት ሰዓታት ብቻ ዋጋውን ቀንሶ በቀኑ ላይ ይጨምርብዎታል፤ ቀንና ሌሊትን ለይቶ የሚመዘግብ ቆጣሪም ያስፈልገዋል። ሌሊት ሊጥ ይዘው ካልቆሙ አይጠቅምዎትም። ከሂሳቡ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ሶኬቱ ነው። የዚህ አገር ተራ ሶኬት 13 አምፒር፣ ማለትም ወደ 3,000 ዋት ብቻ ነው የሚችለው። መሰኪያው ከሞቀ ወይም ጠርዙ ከጠቆረ ወዲያው ይንቀሉትና ኤሌክትሪሻን የራሱን መስመር ይዘርጋለት።

እማማ ምጣድ
ጠርዙ የጠቆረው ከፋሲካ ወዲህ ነው። እኔ የበርበሬ እጄ መስሎኝ ነበር።

አባ ቆጣቢ
ቦይለሩስ ተመርምሯል ወይ? አከራይ በየዓመቱ በጋዝ ሴፍ መዝገብ በሰፈረ የጋዝ ባለሙያ አስመርምሮ የምስክር ወረቀቱን ለተከራይ የመስጠት ግዴታ አለበት።

ደብዳቤ ጸሐፊዋ
ሁሉም እውነት ነው፤ እህታችን ከጠየቀችው አንዱንም አልመለስንላትም እንጂ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለአዲስ መጪዎች ደብዳቤ ስለማነብ፣ እንዲህ ያለው ነገር በየወሩ ያጋጥመኛል።

እህቴ፣ በመጀመሪያ ያን ቁልፍ ዳግመኛ አይሙሉበት። በቁልፍ ቆጣሪ የቀድሞው ሰው ዕዳ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ እየተቆረጠ እንዲከፈል ይደረጋል፤ የጎደለው ስምንት ፓውንድ ገደማ የሄደው ወደዚያ ሳይሆን አይቀርም። በብዙዎቹ ቆጣሪዎች ላይ ሰማያዊውን መጫኛ ደጋግመው ቢጫኑ ቀሪውን ዕዳና ሳምንታዊውን ተቆራጭ የሚያሳይ ገጽ ይመጣል፤ እርሱን ፎቶ ያንሡት። ከዚያ ለነባሩ የመብራት አቅራቢ ደውለው «በዚህ ቀን የገባሁ አዲስ ተከራይ ነኝ» ይበሉ። በስምዎ የተዘጋጀ ቁልፍ እንዲሰጥዎት፣ ዕዳው ከቆጣሪው እንዲነሣ፣ የተቆረጠብዎትም እንዲመለስ ይጠይቁ። አቅራቢው ማን እንደሆነ ካላወቁ ዩኬ ፓወር ኔትዎርክስ በፖስታ ኮድዎ ይነግርዎታል፤ ለጋዙ «ፋይንድ ማይ ሰፕላየር» የሚባል ገጽ አለ።

ለጋዙ ደብዳቤ መልስዎ አጭር ይሁን፤ የኪራይ ውልዎን የመጀመሪያ ገጽ፣ የገቡበትን ቀንና የቆጣሪውን ፎቶ ያያይዙ። ፎቶው ላይ ንባቡ ብቻ ሳይሆን የቆጣሪው መለያ ቁጥርም ይታይ። የፔክሃሙ ወንድማችን ሰባት ወር የከፈለው ለዚህች ቁጥር ነው። በስልክ የተባለውን ሁሉ በዚያው ቀን በኢሜይል ደግመው ይጻፉላቸው፤ ያነጋገርዎትን ሰው ስምም አብረው ያስፍሩ።

የሌስተሩንስ ሂሳብ ዘግተዋል? የመጨረሻው ቢል በስድስት ሳምንት ውስጥ መምጣት አለበት፤ ትርፍ ገንዘብ ካለዎት ደግሞ ከዚያ ቢል በኋላ በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ ይመለስልዎታል። ሳይጨርሱ ዳይሬክት ዴቢቱን፣ ማለትም ከባንክ ሂሳብዎ በራሱ የሚቆረጠውን ክፍያ፣ አይሰርዙት፤ የሚመለሰውን ገንዘብ ያዘገየዋል።

ዝውውሩን ከዚህ ሁሉ በኋላ ያድርጉት። ሂሳቡ በስምዎ ከተስተካከለ አዲሱ አቅራቢ በአምስት የሥራ ቀን ገደማ ይረከብዎታል፤ ሐሳብዎን ከቀየሩም 14 ቀን አለዎት። ቢሉን የሚከፍሉት እርስዎ እስከሆኑ ድረስ አከራዩ አቅራቢ እንዳይቀይሩ ሊከለክልዎት አይገባም። የቁልፍ ቆጣሪ ውድ ነው የሚባለውም ያረጀ ወሬ ነው፤ ከኤፕሪል 2024 ጀምሮ ቋሚ ክፍያው ከዳይሬክት ዴቢቱ ጋር እኩል ሆኗል። ስለዚህ ስማርት ቆጣሪ ለማስገባት ወይም ላለማስገባት ተረጋግተው ይወስኑ።

ነገር አዋቂ
ስማርት ቆጣሪ ከገባ ግን ከሩቅ ሆነው ወደ ቅድመ ክፍያ ይለውጡብዎታል።

ደብዳቤ ጸሐፊዋ
መለወጥ ይቻላቸዋል፤ ዕዳ ሲኖርና ደንቡን ተከትለው ነው እንጂ እንዲሁ አይደለም። እህታችን ዕዳ የለባትም፤ እያልን ያለነውም ይህንኑ ነው።

የካሌዶኒያን ሮዱ
ብሪትሽ ጋዝ ይህን ሁሉ በአንድ ስልክ ይጨርስላቸው ነበር።

ጠያቂዋ ከቶተንሃም
ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ረቡዕ ዕለት ደውዬ 40 ደቂቃ ሙዚቃ ካዳመጥኩ በኋላ አንዲት ትሑት ልጅ አነሳችልኝ፤ አዲሱን ቁልፍ ትናንት ተረክቤአለሁ፣ ዛሬ 20 ሞልቼ 20 አሳይቶኛል። ሰማያዊውን መጫኛ ስጫን ዕዳው ዜሮ ይላል። ለሌስተሩም የመጨረሻውን ንባብ ልኬአለሁ።

ጋዙ ግን ሌላ ነገር አመጣ። ደጅ ያለውን ሣጥን ከፍቼ ፎቶ ሳነሳ፣ የቆጣሪዬ መለያ ቁጥር የመጨረሻዎቹ ሦስት አኃዞች ደብዳቤው ላይ ካለው ጋር አይገጥሙም።

የፔክሃሙ
ይኸው! አጠገቡ ሌላ ሣጥን አለ?

ጠያቂዋ ከቶተንሃም
አለ። በሩ ተሰብሮ በሽቦ የታሰረ ነው። ፈትቼ አየሁት፤ ከደብዳቤው ጋር የሚገጥመው የእርሱ ቁጥር ነው። ላይኛው ፎቅ ያሉት አንድ አዛውንት ናቸው፤ ዛሬ ማታ ደብዳቤውን ይዤ ላንኳኳባቸው ነው፣ እንዴት ብዬ እንደምጀምር ግን አላውቅም።

የፔክሃሙ
ዕዳ እንደሚጠይቁ ሳይሆን፣ የመጣልዎትን ቢል ከእርሳቸው ጋር ለማስተያየት እንደሄዱ ይንገሯቸው። ምናልባት እርሳቸው የእርስዎን ሲከፍሉ ኖረው ይሆናል።

የካሌዶኒያን ሮዱ
ለመሆኑ ከየትኛው አቅራቢ ጋር ገቡ?