ጥቆማ፦ ዛንዚባር ላይ ሆቴል ከመያዛችሁ በፊት ባሕሩ የት እንደሚሸሽ እወቁ

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁም። ከባለቤቴና ከእናቴ ጋር ለ6 ቀን ከአዲስ አበባ ዛንዚባር ልንሄድ አስበናል። እናቴ ባሕር አይታ አታውቅም፣ ለእሷ ብለን ነው ጉዞው። በቀጥታ ብንበር ይሻላል ወይስ በዳሬሰላም አድርገን በጀልባ እንሻገር? ኑንግዊ፣ ፓጄ፣ ስቶን ታውን እያሉ ግራ አጋቡን። የሄዳችሁ ጠቁሙን።

መልስ፦ እህቴ፣ እኔ ሦስት ጊዜ ሄጃለሁ። የመጀመሪያው ጉዞ ላይ የደረሰብኝ በእናትሽ ላይ እንዳይደርስ ስለምፈልግ ትንሽ ላስረዝም።

ያኔ ሆቴል የመረጥኩት ፎቶ አይቼ ነው። ምሥራቁ ዳርቻ ላይ ነበር፣ ዋጋውም ደህና። ማታ ደረስኩ፣ የውኃውን ድምፅ እየሰማሁ ተኛሁ። ጠዋት መጋረጃውን ስከፍት ባሕሩ የለም። ነጭ አሸዋ፣ አረንጓዴ ሣር የመሰለ ነገር፣ እዚህም እዚያም በጎናቸው የተኙ ጀልባዎች ብቻ። ውኃው በሩቁ እንደ ሰማያዊ ክር ይታያል። ልዋኝ ብዬ በባዶ እግሬ ወደዚያ ስሄድ የባሕር ጃርት ረገጥኩ። ጥቁሩ እሾህ ተረከዜ ውስጥ ተሰብሮ ቀረ፤ ሁለት ቀን ሙሉ አነከስኩ። ሆቴሉን ስይዝ ስለዚህ ነገር አንድም ሰው ትንፍሽ አላለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሸሻል፣ ሁለት ጊዜ ይመለሳል። ከሙላቱ እስከ ጉድለቱ 6 ሰዓት ገደማ ነው። ሰዓቱ በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ ይገፋል። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወጣ ደግሞ ሽሽቱ ይብሳል። በምሥራቁ በኩል፣ ማለትም ፓጄ፣ ጃምቢያኒ፣ ብዌጁና ማቴምዌ፣ ከዳርቻው ራቅ ብሎ ኮራል የሚሉት የባሕር ድንጋይ አጥር አለ። በአጥሩና በዳርቻው መካከል ያለው ውኃ ጥልቀት የለውም። ስለዚህ ባሕሩ ሲሸሽ ሜዳ ሆኖ ይቀራል። በሰሜን ጫፍ ያሉት ኑንግዊና ኬንድዋ ግን ዳርቻቸው ቶሎ ይጠልቃል። እዚያ ቀኑን ሙሉ ማለት ይቻላል ውኃ ውስጥ መግባት ትችያለሽ።

ባሕር አይተው ለማያውቁ እናት ምርጫው ግልጽ ነው፤ ኬንድዋ። ከኑንግዊ ጋር ጎረቤት ነው፣ ግን ጸጥ ይላል፣ አሸዋውም ሰፊ ነው። ፀሐይ የምትጠልቀው ፊት ለፊታችሁ ነው። ብቻ ጨረቃ ሙሉ በምትሆንበት ሰሞን የታወቀ የሌሊት ጭፈራ ስላለ ከመያዛችሁ በፊት ቀኑን እዩ። ኑንግዊ ሱቁም ምግብ ቤቱም ይበዛል፣ የእንጨት ጀልባ የሚሠሩ አናጢዎችም ዳርቻው ላይ ታያላችሁ። ወጣቶች ብትሆኑ ኑንግዊ እልሽ ነበር።

ምሥራቁን ግን አላጣጥልም። ሁለተኛ ጊዜ አውቄ ሄድኩበት፣ ወደድኩት። ባሕሩ ሲሸሽ የጃምቢያኒ ሴቶች ካንጋ የሚሉትን ጨርቃቸውን ጠቅልለው ይወጣሉ። አሸዋው ላይ እንጨት ተክለዋል፣ ከእንጨት እንጨት ገመድ ወጥረዋል። በገመዱ ላይ የባሕር አረም በትንሽ በትንሹ ያስራሉ። ውኃው ሲመለስ አረሙ ያድጋል፣ ሲሸሽ ተመልሰው ይለቅማሉ። እጃቸው ከቋጠሮ ቋጠሮ ሲሄድ ጥጥ የሚፈትሉ ሴቶችን አስታወሰኝ። አረሙ ደርቆ ለመዋቢያና ለምግብ ፋብሪካ ይሸጣል። ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ግን አስፈቅዱ፣ ሥራ ላይ ናቸው። ፓጄ ደግሞ በነፋስ ሸራ ውኃ ላይ ለሚንሸራተቱ ሰዎች ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ኩሲ የሚሉት የደቡብ ምሥራቅ ነፋስ አለ፣ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ደግሞ ካስካዚ የሚሉት የሰሜኑ።

ወደ መጓጓዣው ልምጣ። ለ6 ቀን ከሆነ በቀጥታ ብረሩ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከቦሌ ዛንዚባር ይወስዳችኋል፣ 3 ሰዓት ገደማ ነው። በዳሬሰላም መሄድ ቲኬቱ ሲረክስ ያጓጓል። እንደምታስቢው ግን አይደለም። ከዳሬሰላም ኤርፖርት እስከ ወደቡ ያለው ትራፊክ ያስመርራል፣ ከመሸ ከደረሳችሁ ማደሪያ ያስፈልጋል፣ ጀልባውም ለውጭ አገር ሰው ይወደዳል። እኔ ስሄድ ተራው ወንበር በአንድ ጉዞ 35 ዶላር ነበር። ለሦስት ሰው ደርሶ መልስ 210 ዶላር መሆኑ ነው። ታክሲውን ስትጨምሪበት ትርፉ የት እንደገባ አይታወቅም።

ጀልባው ራሱ መጥፎ አይደለም። የአዛም ማሪን ኪሊማንጃሮ የሚባሉት ፈጣን ጀልባዎች በ2 ሰዓት ገደማ ያሻግራሉ። ዳሬሰላም ዘመድ ያለው ወይም ብዙ ቀን ያለው ሰው ቢሞክረው ደስ ይለዋል። አሮጌዋ ከተማ ስቶን ታውን ከባሕር ላይ ቀስ እያለች ብቅ ስትል ማየት ትልቅ ነገር ነው። ኩሲ በሚነፍስበት ወቅት ግን ጀልባው ይናጣል፣ እናትሽን ያዞራቸዋል። ቲኬት ከኩባንያው ቢሮ ወይም ከድረ ገጹ ብቻ ግዙ። ወደቡ በር ላይ ሻንጣ እየነጠቁ “ቲኬት እኔ ጋ ነው” የሚሉትን አትስሙ።

አንድ የሚያስደስት ነገር ልንገርሽ። ስዋሂሊዎች ሰዓት የሚቆጥሩት እንደኛው ነው። “ሳ ሞጃ” ማለት 1 ሰዓት፣ ከጠዋቱ። ሾፌሩ “ሳ ምቢሊ እመጣለሁ” ካለሽ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ቆሞ ታገኚዋለሽ። የጀልባና የአውሮፕላን ቲኬት ላይ የሚታተመው ግን የፈረንጁ አቆጣጠር ነው። ቱሪስት አይተው በፈረንጅ ሰዓት የሚነግሩም አሉ። ስለዚህ ቀጠሮ ስትይዙ “በስዋሂሊ ነው?” ብላችሁ ጠይቁ። እናትሽ በዚህ በጣም ይደሰታሉ ብዬ አስባለሁ። ሳህኑን “ሳሃኒ”፣ ስኳሩን “ሱካሪ”፣ ሳሙናውን “ሳቡኒ” ሲሏቸው ደግሞ ቤታቸው ያሉ ይመስላቸዋል።

ከኤርፖርት ስቶን ታውን ቅርብ ነው። ወደ ኬንድዋ ግን አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይወስዳል። እኔ ስሄድ ታክሲ ወደ ሰሜን ከ40 እስከ 50 ዶላር ይጠይቅ ነበር፤ ሳትሳፈሩ ዋጋውን ቁረጡ፣ ለመኪናው ሙሉ እንጂ ለሰው እንዳልሆነም አስረግጡ። ዳላዳላ የሚሉት የሕዝብ መኪና በጥቂት ሺህ ሺሊንግ ይወስዳል። ወደ ኑንግዊ 116 ቁጥር ነው። እኔ ብቻዬን ስሆን እሱን ነው የምይዘው። ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ ወንበሩ ትይዩ፣ ከጎንሽ ዓሣ ከፊትሽ ዶሮ። ከእናትሽና ከሻንጣ ጋር ግን አልመክርም። መኪና መከራየትም ይቻላል፤ መሪው በቀኝ ነው፣ የሚነዳው በግራ ነው፣ የአካባቢው የመንጃ ፈቃድ ወረቀትም ያስፈልጋል። ለ6 ቀን አድካሚ ነው።

ስለዚህ የእኔ አከፋፈል፦ መጀመሪያ 2 ሌሊት ስቶን ታውን፣ ከዚያ የቀረውን ሌሊት ኬንድዋ። ስቶን ታውን በፈረንጆቹ 2000 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበች ናት። ጠባብ ጠባብ መንገዶቿ ውስጥ ያለ መሪ ጥፉ፣ ምንም አትሆኑም። የተቀረጹት የእንጨት በሮች ብቻቸውን ግማሽ ቀን ይበላሉ። የባሪያ ንግድ ገበያው የነበረበትን ቦታ እለፉት አልልም። ገበያው በፈረንጆቹ 1873 ተዘግቶ ቦታው ላይ የአንግሊካን ካቴድራል ተሠራ። ከጎኑ ሰዎች ታጉረውበት ነበር የሚባል ምድር ቤት አለ። ጣሪያው ሰው ቀጥ ብሎ አያስቆምም። ከእናትሽ ጋር ስትገቡ ቀስ በሉ፣ ያስለቅሳል።

ማታ ፎሮዳኒ መናፈሻ ሂዱ። ባሕሩ ዳር ምድጃ ይዘረጋል። የሸንኮራ አገዳውን ከሎሚና ከዝንጅብል ጋር አጥፈው በመጭመቂያው ሲያሳልፉት አረፋው በብርጭቆ ይወርዳል፤ ለእኔ የዛንዚባር ጣዕም እሱ ነው። የዛንዚባር ፒዛ የሚሉት ስስ ሊጥ ላይ ሥጋ፣ ሽንኩርትና እንቁላል አድርገው አጥፈው በምጣድ የሚጠብሱት ነው። የባሕር ምግቡን ግን ዋጋ ሳትጠይቁ፣ ከምድጃው ትኩስ ሲወጣም ሳታዩ አትውሰዱ። ጾም ላይ ከሆናችሁም ችግር የለም። በኮኮናት ወተት የተሠራ ቦሎቄ “ማሃራጌ”፣ የኮኮናት ሩዝና ቻፓቲ በየቦታው አለ። ቻፓቲው ላይ ቅቤ እንዳያደርጉ ብቻ ንገሯቸው።

ከሁሉም ጉብኝት ለእናትሽ የምመርጠው የቅመም እርሻውን ነው። ከስቶን ታውን ብዙ አይርቅም፣ ግማሽ ቀን በቂ ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሻይ ውስጥ ሲጨምሩት የኖሩትን ቅርንፉድ ዛፉ ላይ ያዩታል። እምቡጡ ሳይፈነዳ በእጅ ይለቀማል፣ ሰሌን ላይ ፀሐይ ሲመታው ይጠቁራል። ሄል ደግሞ የሚያፈራው ከግንዱ ሥር፣ መሬት ሊነካ ጥቂት ሲቀረው ነው። እርዱን ከአፈር መዝዘው ሰብረው ያሸቷችኋል። መሪው ቅጠል እየቀጠፈ “ይኼ ምንድን ነው?” ይላል። እናትሽ ከሁላችሁም ቀድመው እንደሚመልሱ አልጠራጠርም። እዚያው የሚሸጠውን ቅመም ግን ዳራጃኒ ገበያ በርካሽ ታገኙታላችሁ።

የጀልባ ጉዞዎችን በአጭሩ። ምኔምባ አካባቢ ዓሣ ለማየት ውኃው ምርጥ ነው፤ ደሴቷ ራሷ የግል ስለሆነች አትወርዱባትም። ሳፋሪ ብሉ የሚሉት የጀልባ ጉዞ ከፉምባ ይነሳል፣ ሙሉ ቀን ነው፣ በሸራ ጀልባ አሸዋ ደሴት ላይ ያወርዳል፣ ምሳም አለው። ዋና ለማይችል ሰው ከምኔምባ ይሻላል። ቻንጉ ወይም ፕሪዝን አይላንድ ከስቶን ታውን ቅርብ ናት፤ በፈረንጆቹ 1919 ከሲሼልስ የመጡ ግዙፍ ኤሊዎች ዘሮች አሉባት። ለእናትሽ በቂ ናት። ኪዚምካዚ ዶልፊን ለማየት ሄጄ ተጸጽቻለሁ። ብዙ ጀልባ አንድ ላይ ሆኖ እንስሳቱን ያሳድዳል። በዚያ ገንዘብ ጆዛኒ ደን ግቡ። ከዛንዚባር ውጪ የትም የማይገኘው ቀይ ኮሎበስ ጦጣ ከራሳችሁ በላይ ቅርንጫፍ ላይ ተቀምጦ ቅጠል ይበላል።

ወረቀቱን አትዘንጉ። ቪዛውን በታንዛኒያ ኢሚግሬሽን ድረ ገጽ ወይም አዲስ አበባ ባለው ኤምባሲያቸው ጨርሱ፤ እጃችሁ ሳይገባ የማይመለስ ቲኬት አትግዙ። ከኢትዮጵያ ስለምትነሱ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ግዴታ ነው። ከጥቅምት 2024 በፈረንጆቹ ጀምሮ ደግሞ ዛንዚባር ለሚገባ የውጭ ሰው የራሷን የጉዞ ኢንሹራንስ ታስገዛለች፤ ለአዋቂ 44 ዶላር ነው። ሌላ ኢንሹራንስ ቢኖራችሁም ይከፈላል። ከመንግሥታዊው ድረ ገጽ ብቻ ክፈሉ። ፌስታል ይዛችሁ አትሂዱ፣ ታንዛኒያ ከፈረንጆቹ 2019 ጀምሮ ከልክላለች። የምትይዙት ዶላር አዲስ ይሁን፣ ያረጀና የተጻፈበት አይቀበሉም። ከባሕር ዳርቻ ውጪ ትከሻና ጉልበት ሸፈን ማድረግ ደንብ ነው።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ እኔ ዱባይ ነው የምሠራው። ከዚህ በቀጥታ አለ? ደግሞ ሞምባሳ ይሻላል የሚሉኝም አሉ።

መልስ፦ ፍላይዱባይ በቀጥታ ይበራል፣ በአዲስ አበባ ዞረህ ቤተሰብ ጠይቀህ መሄድም ትችላለህ። ያኔ ግን የቢጫ ወባ ካርዱን ያዝ። ኬንያ ያሉት ሞምባሳና ዲያኒ ለኢትዮጵያ ፓስፖርት የቪዛ ጣጣ የለባቸውም፣ ዲያኒም ነጭ አሸዋ ነው። ቪዛ መጠበቅ ካልቻልክ ዲያኒ ሂድ። ድሮ ከተማና ቅመም ከባሕሩ ጋር አንድ ላይ ከፈለግህ ግን ዛንዚባር። ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ግንቦት ያለው ትልቁ ዝናብ ላይ አትሂድ፤ አንዳንድ ሆቴልም ይዘጋል።

ጥያቄ፦ በጣም አመሰግናለሁ፣ እናቴ አጠገቤ ሆና እያነበብኩላት ነው። ምን ይዤ ልሂድ ትላለች።

መልስ፦ ለእናታችን ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ሰፋ ያለ የጥጥ ቀሚስ፣ ነጠላቸውን፣ የፀሐይ ባርኔጣ። ከሁሉም በላይ ግን መርካቶ ሄደሽ አንድ ኮንጎ ጫማ ግዢላቸው። እዚያ ሆቴሎቹ የውኃ ጫማ እያሉ በውድ የሚሸጡትን ሥራ ኮንጎ በደንብ ይሠራል። ውኃ ሲገባበት በቀዳዳው ይወጣል፣ ኮራሉም የባሕር ጃርቱም በቀላሉ እግራቸውን አያገኘውም። ማሰሪያው ጠበቅ የሚል ይሁን፣ አሸዋው እንዳያስቀርባቸው።