የመኪና መብራት ለማጥራት የቱ ሳንደር ይሻላል፦ የኮረንቲ ወይስ የንፋስ? (ጥቆማ)

ላቫጆ ያለው አንድ የሰፈራችን ልጅ ሰሞኑን መጣና «ጋሼ፣ የፊት መብራት ማጥራት ልጀምር ነው፤ የንፋስ ሳንደር ልግዛ ወይስ የኮረንቲ?» አለኝ። ሳንደር ብርጭቆ ወረቀት ተለጥፎበት የሚፈጭ የእጅ ማሽን ነው፤ የንፋሱ የሚሠራው በኮምፕሬሰር ንፋስ ነው። መኪና ቀለም በመቀባት ብዙ ዓመት ስለቆየሁ ነው እኔን የጠየቀኝ። ይህን ሥራ የሚጀምረው ሰው ስለበዛ ለሱ የነገርኩትን ለሁላችሁም ላካፍላችሁ።

ሥራው አለ። አዲስ አበባ በቪትዝና በያሪስ የተሞላች ናት። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ሰው ያለውን መኪና አጥብቆ ይዟል። የነዚህ መኪኖች መብራት ፊቱ ፖሊካርቦኔት የሚባል ፕላስቲክ ነው። ከፋብሪካ ሲወጣ ፀሐይ የሚከላከል ስስ ሽፋን አለው። ያ ሽፋን ሲበላ ነው መብራቱ ቢጫ የሚሆነው። የድሮው ዲኤክስ ኮሮላ መብራት መስታወት ስለሆነ እንዲህ ያለ ችግር የለበትም።

እኔም መልሼ «መጀመሪያ ኮምፕሬሰርህን አሳየኝ» አልኩት። ባለ 2 የፈረስ ጉልበት፣ 50 ሊትር ጋን ያለው ነው። ጎማ ለመንፋትና አቧራ ለማራገፍ ይበቃል። ለሳንደር ግን አይበቃም።

ምክንያቱን ላስረዳ። ለመብራት የሚሆነው ባለ 75 ሚሊሜትር የንፋስ ሳንደር በአብዛኛው በደቂቃ ከ300 ሊትር በላይ ንፋስ ይፈልጋል፤ ያውም ሳያቋርጥ። እንዲህ ያለ ትንሽ ኮምፕሬሰር ላይ የሚጻፈው 200 ሊትር ገደማ ነው። ያም ቢሆን ማሽኑ የሚስበው ነው፤ የሚሰጠው ከዚያ ያንሳል። በዚያ ላይ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ላይ ነች። አየሩ ስስ ነው። ማሽኑ በአንድ ምት የሚስበው አየር ባሕር ዳርቻ ከሚስበው በሩብ ያህል ያነሰ ነው። ሻጭ ይህን አይነግራችሁም።

ታዲያ ምን ይሆናል? ሳንደሩ ሲነሳ አሪፍ ነው። ግማሽ ደቂቃ አካባቢ ሲሠራ ግፊቱ ይወርዳል። ዲስኩ ይዝላል፤ እናንተ ሳይታወቃችሁ መጫን ትጀምራላችሁ። እኔ ላይ የደረሰው ይኸው ነው። በአንድ ጎረቤት ትንሽ ኮምፕሬሰር የያሪስ መብራት ሠራሁ። ጥላ ውስጥ ሳየው ንጹሕ ነው። ባለቤቱ መኪናውን አውጥቶ ፀሐይ ሲያርፍበት ግን ፕላስቲኩ ላይ ጠመዝማዛ ጭረት ሞልቷል። ከቁጥር 800 ብርጭቆ ወረቀት ጀምሬ (ቁጥሩ ሲጨምር ወረቀቱ ይለሰልሳል) እንደገና መድገም ነበረብኝ።

የንፋስ ሳንደር መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። ትክክለኛ ኮምፕሬሰር ካለ እኔ ራሴ የምመርጠው እሱን ነው። ቀላል ነው፣ መዳፍ ውስጥ ይገባል፣ ፓራፋንጎና ኮፈኖ አጠገብ ያለችው ጠባብ ጥግ ድረስ ይደርሳል። ትልቁ ጥቅሙ ግን ውኃ ነው። ኮረንቲ የለበትምና ውኃ እየረጫችሁ ያለ ስጋት ትሠራላችሁ። ውኃ ደግሞ ፕላስቲኩን ያቀዘቅዛል፣ ብርጭቆ ወረቀቱም እንዳይደፈን ያደርጋል። ስለዚህ ባለ ሦስት ፌዝ ትልቅ ኮምፕሬሰር ያለው ቀለም ቤት ውስጥ የምትሠሩ ከሆነ ሌላ አትፈልጉ፤ ባለ 75ቱን የንፋስ ሳንደር ግዙ። በየቀኑ ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ሁለት ሦስት ጠብታ የንፋስ መሣሪያ ዘይት ጨምሩበት። መስመሩ ላይ የውኃ ማጥመጃ ይኑር። ዘይት የነካው መብራት ክሊር (መጨረሻ ላይ የሚነፋው ቀለም አልባ ሽፋን) ሲነፋበት ዓይን ዓይን ያወጣል፤ ማለትም ሽፋኑ ክብ ክብ ጉድጓድ ይሠራል። ስለዚህ ከመንፋታችሁ በፊት ደህና አድርጋችሁ አጽዱት።

ለላቫጆው ልጅ ግን የመከርኩት የኮረንቲውን ነው። ለሳንደር ብሎ ትልቅ ኮምፕሬሰር መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። ባለ 125 ሚሊሜትር፣ ፍጥነቱ የሚስተካከል ሳንደር ይበቃዋል። የቦሽ ጌክስ 125 250 ዋት ነው፤ የማኪታው ቢኦ5031 300 ዋት። ሁለቱም ስጠቀምባቸው አላሳፈሩኝም። የማኪታው ፍጥነት በደቂቃ እስከ 4,000 ዙር ስለሚወርድ ለፕላስቲክ ይመቻል። የቦሹ ከ7,500 ነው የሚጀምረው፤ እጅን ቀለል ማድረግ ይጠይቃል። አቅም ካነሰ የኢንግኮ ወይም የቶታል ብራንድ ሳንደርም ያስጀምራል። ብቻ የፍጥነት መቆጣጠሪያ የሌለውን አትውሰዱ። በከፍተኛ ዙር አንድ ቦታ ላይ ከቆያችሁ ፕላስቲኩ ይግላል፣ ብርጭቆ ወረቀቱ ላይ እንደ ማስቲካ ይጣበቃል። ባለ 125ቱ ለቪትዝ ሰፊ መብራት ልክ ነው፤ ለጠባቡ ግን ይከብዳል። ከወረቀቱ ሥር ስስ ስፖንጅ ብታስገቡ የመብራቱን ጉብታ ተከትሎ ይሄዳል። ጥጎቹን በእጅ ጨርሱ።

ውኃና ባለ ገመድ ሳንደር አይገናኙ። 220 ቮልት ነው፤ ላቫጆ ደግሞ ወለሉ ሁልጊዜ እርጥብ ነው። ልጁን ደጋግሜ ያስጠነቀቅኩት ስለዚህ ነው። በማሽን በደረቁ ቁጥር 600፣ 800፣ 1000 ሂዱ። ከዚያ ማሽኑን ከሶኬት ንቀሉና 1500ን፣ 2000ን እና 3000ን ውኃ እያስነካችሁ በእጅ አውርዱ። መብራት ቶሎ ቶሎ በሚጠፋበት ሰፈር ያላችሁ የባትሪውን እዩ፤ ሁለት ባትሪ ካለው ሥራ አይቋረጥም። እሱንም ውኃ ውስጥ አትንከሩት፤ ሞተሩ ይበላሻል።

ግራይንደር ላይ ብርጭቆ ወረቀት ለጥፎ የሚሠራ ሰው አይቻለሁ። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። በደቂቃ ወደ 11,000 ዙር ነው፤ መብራቱን ያቃጥለዋል። ድሪል ይሻላል። የስሪ ኤም የመብራት ማጽጃ ጥቅል ራሱ በድሪል እንዲሠራ የተዘጋጀ ነው፤ ቁጥር 500፣ 800 እና 3000 ወረቀት አለው። የራሱን መኪና ብቻ ለሚያጸዳ ሰው ሳንደር ከመግዛት ይህ ይቀለዋል።

ደንበኛ ሲመጣ ገንዘብ ከመቀበላችሁ በፊት መብራቱ ላይ ውኃ ርጩ። እርጥብ ሳለ ጥርት ብሎ ከታየ ችግሩ ላይ ላዩን ነው፤ ትሠሩታላችሁ። ካልጠራ ችግሩ ከውስጥ ነው ወይም ፕላስቲኩ ራሱ ተሰነጣጥቋል። ያንን ሳንደር አያድነውም፤ ለደንበኛው በግልጽ ንገሩት።

ስትፈጩም ከመብራቱ የሚወርደውን ተመልከቱ። መጀመሪያ ቢጫ ነው የሚወርደው። በደረቁ ስትፈጩ ብናኙ ነጭ ሲሆን፣ በውኃ ስትፈጩ ደግሞ ነጭ ወተት ሲመስል የድሮው ሽፋን አልቋል፤ ወደሚቀጥለው ቁጥር እለፉ።

አጥርቶ ፖሊሽ መትቶ መተው ግን ደንበኛን ማታለል ነው። ሽፋን የሌለው ፕላስቲክ በወራት ውስጥ ተመልሶ ቢጫ ይሆናል። ፀሐይ የሚከላከል ክሊር ከነሃርድነሩ (ክሊሩን ከሚያጠነክረው ቅልቅል ጋር) ንፉበት። ሃርድነሩ ለሳንባ አደገኛ ነው፤ የጨርቅ ማስክ አይበቃም፣ ለቀለም የሚሆን ባለ ማጣሪያ ማስክ አድርጉ። ለመንፋት ያ ትንሹ ኮምፕሬሰር ይበቃል፤ መብራት ትንሽ ቦታ ነው፣ ትንሽ የቀለም መርጫ (ስፕሬይ) ደግሞ የሳንደርን ያህል ንፋስ አይበላም።

ልጁ ባለ ገመዱን ማኪታ ገዝቷል። የመኪና ዕቃ ከሚሸጥበት ከሱማሌ ተራም ጆሮው (ማሰሪያው) የተሰበረ የቪትዝ መብራት ሁለት አመጣ። አሁን የሚለማመደው በነሱ ላይ ነው። አንዱን ሦስት ጊዜ ፈጭቶታል።