ሕጉን መቼ እንጠብቅ፣ መቼ እንጣል? ለተማሪዬ መልስ አጣሁ
በሐዋሳ ከተማ የ11ኛ ክፍል ፊዚክስ መምህር ነኝ። የሳይንስን ባሕርይ ለማስረዳት ስል፣ የዩራነስ ጉዞ ከኒውተን የስበት ሕግ ስሌት ሲያፈነግጥ ሊቃውንቱ ሕጉን ከመጣል ይልቅ ያልታየች ፕላኔት አለች ብለው መገመታቸውንና እ.ኤ.አ. በ1846 ኔፕቲዩን በእርግጥ መገኘቷን ተረክሁ፤ ለሜርኩሪ ጉዞ መዛነፍ በዚያው መንገድ የታሰበችው ቩልካን የተባለች ፕላኔት ግን አለመገኘቷን፣ ችግሩንም እ.ኤ.አ. በ1915 የአንስታይን አዲስ የስበት ንድፈ ሐሳብ መፍታቱን ከጎኑ ጻፍሁ። ከኋላ ወንበር አንዲት ተማሪ ተነሥታ፣ «መምህር፣ ታዲያ ሕጉን መቼ እንደምንጠብቅና መቼ እንደምንጥል በምን እናውቃለን?» አለችኝ። የሳይንስ ዘዴ ብዬ ለዓመታት ያስሸመደድኋቸው ደረጃዎች መልስ አልሆኑልኝም፤ «ሳይንቲስቶች ሲስማሙ» ብል ደግሞ እውነት በድምፅ ብልጫ የሚወሰን ይመስላቸዋል። ይህን በአንድ ክፍለ ጊዜ፣ የፍልስፍና ቃላት ሳታበዙ ያስተማራችሁ መምህራን፣ በምን ምሳሌ እንዳቀረባችሁት ብትገልጹልኝ ውለታችሁ ከባድ ነው።