«20 መስመር ኮድ ይበቃል» ላለው አሰልጣኝ

ወጋገን፦ ሰሞኑን አንድ የመጋዘን ቴክኖሎጂ ስልጠና ላይ ነበርኩ። አሰልጣኙ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች አርኤፍአይዲ (ዕቃ ላይ የሚለጠፍ መለያን፣ ማለትም ታግን፣ በሬዲዮ ሞገድ የሚያነብ ሲስተም) ሲገዙ ለሚድልዌር (ታጉን በሚያነበው ሪደርና በዳታቤዙ መሀል ለሚቆመው ሶፍትዌር) ብር ማውጣት የለባቸውም አለ። «ሪደሩን በቀጥታ ከዳታቤዙ ጋር አገናኙት፣ 20 መስመር ኮድ ይበቃል» ብሎ አረፈው። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔ ግን እስካሁን አልበረደልኝም። ይሄ ምክር እኮ ነገ ጨረታ ሰነድ ውስጥ ይገባል።

ኮደሩ፦ ምኑ ነው ያናደደህ? ልክ ብሏል። ሪደሩ የታግ ቁጥር ይሰጥሃል፣ አንተ ትመዘግባለህ። አንድ በር ላለው ግምጃ ቤት ሚድልዌር ምን ያደርግለታል?

የዱባዩ፦ እኔ መጋዘን ውስጥ ነው የምሠራው። የታሸገ ውሃ የጫነ ፎርክሊፍት በሩ ላይ ትንሽ ቆም ካለ ሪደሩ ያንኑ ታግ ደግሞ ደጋግሞ ያነበዋል። ውሃው ደግሞ ሞገዱን ይውጠዋል፤ መሀል ላይ ያለው ካርቶን አንዴ ይታያል፣ አንዴ ይጠፋል። የጎረቤት በር አንቴናም በእሱ በኩል ያላለፈውን ዕቃ ያነባል። 20 መስመርህ የቱን እውነት ብሎ ይመዝግብ?

ኮደሩ፦ ተደጋጋሚውን መጣል ነዋ። አንድ «ኢፍ» (የ«እንዲህ ከሆነ» ትዕዛዝ) ነው።

የዱባዩ፦ አንድ «ኢፍ»! ታጉ ስንት ሰከንድ ሲጠፋ ነው «ወጣ» የምትለው? ጊዜውን ካሳጠርከው ያልወጣው ወጣ ይባላል። ካስረዘምከው የወጣው አለ ይባላል። አሜሪካ በርክሌይ ያሉ ተመራማሪዎች ይህን የጊዜ መስኮት ራሱን እንዲያስተካክል ለማድረግ ብቻ እ.ኤ.አ. በ2006 አንድ ሙሉ ጥናት አሳትመዋል።

ሜሪላንድ፦ ታሪኩን አትርሱ። የአሜሪካው ቸርቻሪ ዋልማርት እ.ኤ.አ. በ2003 ትልልቅ አቅራቢዎቹን ከ2005 ጀምሮ ፓሌትና ካርቶን ላይ ታግ ለጥፉ ሲላቸው ሁሉም በየፊናው ሊገጣጥም ነበር። የአርኤፍአይዲ ስታንዳርድ አውጪው ኢፒሲግሎባል በ2005 ኤኤልኢ የተባለውን የሚድልዌር ስታንዳርድ ያወጣው ለዚህ ነው። አፕሊኬሽኑ ሪደሩን ማወቅ የለበትም። «3ኛው በር ላይ በዚህ 10 ሰከንድ ምን ገባ፣ ምን ወጣ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ተጣርቶ ሪፖርት ይመጣለታል። ሪደር ብትቀይር የንብረት ክፍሉ ሶፍትዌር አይነካም።

ኮደሩ፦ ኤኤልኢ የሚነጋገርበት ያ ሁሉ ሶፕና ኤክስኤምኤል (የቆዩ የመረጃ መለዋወጫ መንገዶች) ዛሬ ማን ይፈልገዋል? የአሁን ሪደር ራሱ ኮምፒውተር ነው። እዚያው አጣርቶ በኤምኪውቲቲ (ቀለል ባለ የመልእክት መላኪያ) ይልክልሃል።

ሜሪላንድ፦ በየትኛው ፎርማት? አንዱ ብራንድ የሚልከው ከሌላው ጋር አይገጥምም። ኤክስኤምኤሉ ያርጅ፣ ግድ የለም። ኢፒሲአይኤስ (የዕቃ እንቅስቃሴ መረጃ መለዋወጫው ስታንዳርድ) እንኳ እ.ኤ.አ. በ2022 ሁለተኛው ቨርዥን ሲወጣ ሬስትና ጄሶን (አዳዲሶቹን የመረጃ መለዋወጫ መንገዶች) ጨምሯል። የተቀየረው ቋንቋው ነው፤ በመሀል የሚቆመው ሰርቪስ አሁንም አለ።

ግዥ ክፍል፦ እኔ ኮድ አላውቅም፣ ግዥ ላይ ነው የምሠራው። አንድ መሥሪያ ቤት ሲስተም አስገጠመ። ሻጩ ሥራውን ትቶ ሄደ። ሪደሮቹ ሲበላሹ ሌላ ብራንድ አልገጥም አለ። ሁለተኛው ጨረታ ላይ ሊወዳደር የቻለው አንድ ድርጅት ብቻ ሆነ። ዋጋውን አትጠይቁኝ።

ኮደሩ፦ እሱ የውል ችግር ነው እህቴ፣ የሚድልዌር አይደለም።

ግዥ ክፍል፦ ውሉ ላይ ምን ብዬ ልጻፍ ታዲያ? «20 መስመር» ብዬ?

ኮደሩ፦ እዚህ እኮ መብራት ይሄዳል። በመሀል ሌላ ሰርቨር ስትጨምሩ የሚወድቅ ነገር ጨመራችሁ። የዱባይ መጋዘን ልምድ ይዞ እኛን ማስተማር ቀላል ነው።

የዱባዩ፦ ሀገሬን አንተ አታስተምረኝም። የጠየቅኩህን መልስ። መብራት ተቋርጦ ዳታቤዙ ሲወድቅ በቀጥታ የተገናኘው ሪደር ያነበበውን የት ያስቀምጠዋል? ከሪደሩ ጎን ያለች ትንሽ ሰርቪስ ግን በባትሪ ሆና ንባቡን ይዛ ትቆያለች፤ ሰርቨሩ ሲነሳ ትልካለች።

ወጋገን፦ አሰልጣኙን ይህንኑ ልጠይቀው እጄን ባወጣም ዕድል አልተሰጠኝም።

ኮደሩ፦ ያቺን ሰርቪስም እኮ በ20 መስመር እጽፋታለሁ።

ሜሪላንድ፦ ጻፋትና እዚሁ ለጥፍልን። ከሁለት ብራንድ ሪደር ጋር ግን ትሥራ።

ግዥ ክፍል፦ ከዚያ በፊት አንዳችሁ ለጨረታ ሰነዱ የሚሆን አንድ አንቀጽ ጻፉልኝ። ሰነዱ በቅርቡ ይወጣል።