ጥቆማ፦ ጌም መሃል እየጠፋ ለሚነሳ ኮምፒውተር ገንዘባችሁን የት ብታወጡ ይሻላል?

ራሴ የገጠምኩት ኮምፒውተር ሁለት ወር ሙሉ አሰቃየኝ። ጌም ከከፈትኩ ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ድርግም ይልና ራሱ ተመልሶ ይነሳል። ሰማያዊ ስክሪን የለም፣ ማስጠንቀቂያ የለም። ፕሮሰሰሩ ራይዘን 5 5600፣ ግራፊክስ ካርዱ አርቲኤክስ 3060 ነው። አሁን ድኗል። ያወጣሁት ገንዘብ ግማሹ ግን በከንቱ ነው የሄደው። እናንተም እንዳትከስሩ የሞከርኩትን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ የወሰድኩት ሰፈር ውስጥ ወዳለ ጥገና ቤት ነው። ሁለት ጊዜ ፎርማት አድርገው መለሱልኝ፤ ሁለቱንም ጊዜ የዚያኑ ዕለት ማታ ጠፋ። ሳጥኑን ሳይከፍት “ፎርማት ይደረግ” የሚል ባለሙያ ካጋጠማችሁ ዕቃችሁን ይዛችሁ ውጡ። ኢቨንት ቪወር (የዊንዶውስ የስህተት መዝገብ) ላይ “ከርነል ፓወር 41” የሚል ታገኙ ይሆናል። ትርጉሙ ኮምፒውተሩ በወጉ ሳይዘጋ ጠፋ ማለት ብቻ ነው፤ ምክንያቱን አይናገርም። ጥሩ ባለሙያ የራሙን ኤክስኤምፒ (ራሙን ከመደበኛው በላይ የሚያፈጥን ቅንብር) አጥፍቶ ያያል፣ ራም የሚፈትሸውን ሜምቴስት ከፍቶ ያሳድራል፣ ሙቀቱን ይለካል። ከሁሉም በላይ ሌላ ፓወር ሰፕላይ (የግድግዳውን መብራት ለኮምፒውተሩ ክፍሎች የሚያከፋፍለው ሳጥን) ሰክቶ ይሞክራል። መገናኛም ሂዱ ቦሌ፣ መጀመሪያ “በሌላ ፓወር ሰፕላይ ትሞክሩልኛላችሁ?” በሉ። እሺ ላለ ሱቅ ስጡ።

የእኔን ችግር ያጋለጠው ምጣድ ነው። እማዬ ቅዳሜ ቅዳሜ ትጋግራለች፤ ኮምፒውተሩም የሚብስበት ቅዳሜ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ወደ 3.5 ኪሎ ዋት ይስባል። ኤሌክትሪክ ሠራተኛ የሆነ ጎረቤታችን መልቲሜትር ይዞ መጣና ዲቫይደሩ ላይ ለካልኝ። ምጣዱ ሲበራ 220 ቮልት የነበረው ወደ 185 ወረደ።

ያኔ የፓወር ሰፕላዩን ጀርባ አነበብኩ። ፊቱ ላይ በትልቁ 500 ዋት ይላል። ፕሮሰሰሩንና ግራፊክስ ካርዱን በሚመግበው በ12 ቮልት መስመሩ ግን የሚሰጠው 18 አምፔር ብቻ ነው። 12 ሲባዛ በ18፣ 216 ዋት። ግራፊክስ ካርዱ ብቻውን 170 ይፈልጋል! መግቢያው ደግሞ ከ200 እስከ 240 ቮልት ነው የሚለው፤ 185 ከዚያ በታች ነው።

ስታቢላይዘር (ቮልቴጅ የሚያስተካክል ዕቃ) ከዚያ በፊት ገዝቼ ነበር። ቮልቴጅ በተለዋወጠ ቁጥር ቀጭ ቀጭ ይላል። ለፍሪጅ ደህና ነው። ለኮምፒውተር ግን በሚቀያይርበት ቅጽበት መብራቱ ትንሽ ስለሚቋረጥ፣ ደካማ ፓወር ሰፕላይ እዚያው ላይ ሊወድቅ ይችላል። ለጌም ኮምፒውተር አልመክረውም።

ጥሩ ፓወር ሰፕላይ ግን መጀመሪያ የሚገዛ ዕቃ ነው። መግቢያው ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ይሁን። እንዲህ ያለው የምጣዱን ጊዜ ሳያወላዳ ያልፋል፤ ስታቢላይዘርም አያስፈልገው። ለ3060 ኤንቪዲያ 550 ዋት ይመክራል፤ እኔ 650 ወሰድኩ። ኮርሴር ወይም ሲሶኒክ ካገኛችሁ አትለፉት። እዚህ ካጣችሁ ከዱባይ የሚመጣ ዘመድ ብትልኩ ይሻላል። መርካቶ ከቢሮ ኮምፒውተር የተነቀለ ዴል ወይም ኤችፒ በርካሽ ይገኛል፤ ብዙዎቹ ዋታቸው ትንሽ ነው፣ ሶኬታቸውም ከተለመደው ማዘርቦርድ ጋር ላይገጥም ይችላል።

መብራት ጭራሽ ሲሄድ የሚያድናችሁ ዩፒኤስ (ባትሪ ያለው መጠባበቂያ) ነው። 650 ቪኤ (ዩፒኤስ ላይ የሚጻፈው የአቅም ቁጥር) የሚለው ብዙውን ጊዜ ከ400 ዋት በታች ነው የሚችለው። ለአንድ ጌም ኮምፒውተርና ሞኒተር 1000 ቪኤና ከዚያ በላይ፣ “ላይን ኢንተራክቲቭ” የሚባለውን፣ ማለትም ቮልቴጅ ራሱ የሚያስተካክለውን ዓይነት ውሰዱ። የቪኤውን ቁጥር ትታችሁ ዋቱን ጠይቁ።

ያገለገለ ዩፒኤስ የምትገዙ ከሆነ እዚያው ሱቁ ውስጥ ኮምፒውተር አሰክታችሁ ከግድግዳው አስነቅሉት። ወዲያው ከጠፋ አብዛኛውን ጊዜ ባትሪው ሞቷል፤ የባትሪውን ዋጋ ከሒሳቡ ላይ አስቀንሱ።