ከ36 ወደ 38፦ የጃንደረባው ምስክርነት ከእንግሊዝኛው መጽሐፍ ቅዱስ የት ገባ?

አስተባባሪዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። እዚህ አሜሪካ ያለችው ቤተ ክርስቲያናችን ለወጣቶች የእንግሊዝኛ አገልግሎት አንድ ትርጉም ልትወስን ነው። ሽማግሌዎቹ የቆየው የእንግሊዝኛ ትርጉም ኪንግ ጄምስ ይሁን ይላሉ፤ ልጆቹ በእጃቸው የያዙት ከዘመናዊዎቹ ትርጉሞች ኤን አይ ቪን ወይም ኢ ኤስ ቪን ነው። ነገሩን የቀሰቀሰው የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ነው። ልጆቹ የኢትዮጵያዊውን ጃንደረባ ታሪክ ተራ በተራ ሲያነቡ አንዷ ቁጥር 36ን ጨርሳ በቀጥታ ወደ 38 ሄደች። አጠገቧ በ1954 ዓ.ም. በታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ይከታተሉ የነበሩ አባት «37ን ዘለልሽው» አሏት። አልዘለለችም፤ ገጹ ላይ የለም። የፊልጶስ «በፍጹም ልብህ ብታምን» እና የጃንደረባው «ኢየሱስ ክርስቶስ የእግዚአብሔር ልጅ እንደ ሆነ አምናለሁ» በደቃቅ ፊደል ወደ ግርጌ ወርደዋል። ተቀንሶ ነው ወይስ ቀድሞውኑ ተጨምሮ ነበር? እባካችሁ በማስረጃ ተነጋገሩ።

ሽማግሌው፦ ተቀንሶ ነው፣ እህቴ። ማን እንደ ቀነሰውም የታወቀ ነው። (ዘመናቱን የምጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) እንግሊዝኛ ተናጋሪው ምእመን ከ1611 ጀምሮ ሲጸልይበት፣ ሲሰበክበት፣ ሙታኑን ሲቀብርበት የኖረውን መጽሐፍ መሠረቱን የነቀነቁት ዌስትኮትና ሆርት የተባሉ የካምብሪጅ ምሁራን ናቸው። በ1881 ባወጡት የግሪክ እትም በዋነኛነት የተደገፉት በሁለት የአራተኛው መቶ ዘመን ብራናዎች፣ በሲናይቲከስና በቫቲካነስ ላይ ነው። እነዚህ ሁለቱ በአራቱ ወንጌላት ብቻ ከ3 ሺህ በላይ ቦታዎች እርስ በርሳቸው አይስማሙም። ቃላቸው ያልገጠመ ሁለት ምስክሮች በየትኛው ችሎት ነው የሚታመኑት? በእነሱ ምክንያት የማርቆስ ወንጌል የመጨረሻዎቹ 12 ቁጥሮች በቅንፍ ታሰሩ፤ ስታመነዝር የተያዘችው ሴት ታሪክም እንዲሁ። ጃንደረባውን በተመለከተ ደግሞ የጥንቷ ቤተ ክርስቲያን አባት ኢሬኔዎስ በ180 ገደማ ይህንኑ የእምነት ቃል ጠቅሶታል። ሲናይቲከስ ከመጻፉ ከ150 ዓመት በፊት ማለት ነው። «ጥንታዊው ይበልጣል» ካላችሁ ይኸው ጥንታዊ።

የነገረ መለኮት ተማሪው፦ ጋሼ፣ ኢሬኔዎስን ማንሣትዎ ትክክል ነው፤ በዚህ ጥያቄ ላይ ከሁሉም የጠነከረው ማስረጃ እሱ ነው። ንባቡ በሁለተኛው መቶ ዘመን በአንድ አካባቢ ይታወቅ እንደ ነበር ያሳያል። የጥንት ላቲን ቅጂዎችም ይዘውታል። ነገር ግን ቁጥር 37 የሌለው በእነዚያ በሁለቱ ብራናዎች ብቻ አይደለም። ኪንግ ጄምስን የሚደግፉ ሰዎች ዘወትር የሚመኩባቸው፣ በቢዛንታይን (በምሥራቅ ሮም) ዓለም ለብዙ መቶ ዓመታት ሲገለበጡ የኖሩት አብዛኞቹ የግሪክ ቅጂዎችም የላቸውም። «ብዙኃኑ ይመስክር» ከተባለ ብዙኃኑም በእርስዎ ላይ ነው የሚመሰክረው።

ታዲያ ወደ ታተመው የግሪክ አዲስ ኪዳን እንዴት ገባ? ኤራስመስ በተባለ ሊቅ በኩል። በ1516 ባዝል ከተማ በፍሮበን ማተሚያ ቤት የመጀመሪያውን እትም ሲያወጣ በእጁ የነበሩት ቅጂዎች ጥቂት ነበሩ፤ አብዛኞቹም ከአሥራ ሁለተኛው መቶ ዘመን ወዲህ የተጻፉ። ሥራው በጥድፊያ ከመሠራቱ የተነሣ እርማቱን በብራናው ላይ ራሱ እየጻፈ ለፊደል ለቃሚዎቹ ይልክላቸው ነበር። የእምነት ቃሉን ያገኘው በአንድ ቅጂ ኅዳግ ላይ ተጽፎ ነው፤ ገልባጮች በቸልተኝነት የዘለሉት መስሎት አስገባው። የዮሐንስ ራእይን ደግሞ ከአንድ ቅጂ ብቻ ነበር የሚሠራው፤ የዚያም የመጨረሻ ቅጠል ወድቋል። ስለዚህ የመጨረሻዎቹን ስድስት ቁጥሮች ከላቲኑ ወደ ግሪክ ራሱ መልሶ ጻፋቸው። ከእነዚያ ቁጥሮች ውስጥ ከእሱ በፊት በአንድም የግሪክ ቅጂ የማይታወቁ ንባቦች እስከ ኪንግ ጄምስ ድረስ ተሻግረዋል። ይህን የምለው ኤራስመስን ለማሳነስ አይደለም፤ በዘመኑ ከእሱ የተሻለ የሠራ የለም። ግን በአንድ ሰው ጠረጴዛ ላይ የተደረገውን ጥገና «እንከን የሌለው ጽሑፍ» ብሎ መማል አይቻልም።

ኢንጂነሩ፦ ይህ ሁሉ የምሁር ወሬ አንድ ጥያቄ አይመልስም። እግዚአብሔር ቃሉን እጠብቃለሁ ካለ፣ ትክክለኛውን ጽሑፍ ሲናይቲከስን ያገኘው ጀርመናዊ ሊቅ ቲሸንዶርፍ በ1844 ሲና ተራራ ገዳም እስኪደርስ ድረስ ከቤተ ክርስቲያን ደብቆ ያቆያል? ራሱ ቲሸንዶርፍ ቅጠሎቹን ለእሳት ከተዘጋጀ ቅርጫት ውስጥ አገኘኋቸው አላለምን? መነኮሳቱ የማይረባ መሆኑን ስላወቁ ነው።

የነገረ መለኮት ተማሪው፦ ቲሸንዶርፍ ብሏል፤ ገዳሙ ግን የቅርጫቱን ታሪክ እስከ ዛሬ አይቀበለውም። በቲሸንዶርፍ አንደበት መነኮሳቱን ምስክር አድርገህ አታቁም።

ዲያቆኑ፦ እኔ ኦርቶዶክሳዊ ነኝ፤ ክርክሩ የፕሮቴስታንት የቤት ጉዳይ ስለሚመስል ዝም ብዬ ነበር። የኢንጂነሩ ቃል ግን አስነሣኝ። መጠበቁ የሚታወቀው ምእመናን ሲያነቡት በመኖራቸው ከሆነ፣ መለኪያው ለምን የ1611 እንግሊዝ ይሆናል? የእኛ አባቶች ወንጌልን በግዕዝ ሲያነቡ እንግሊዝኛ የሚባል ቋንቋ በወጉ አልተጻፈም ነበር። አድዋ አጠገብ ያለው የአባ ገሪማ ገዳም የወንጌል ብራናዎች ዕድሜያቸው በካርቦን ምርመራ ሲለካ ከአራተኛው እስከ ሰባተኛው መቶ ዘመን ባለው ጊዜ ውስጥ ነው የወደቀው። የማርቆስን ፍጻሜ በተመለከተም በአውሮፓ አንዳንድ ሊቃውንት «የግዕዝ ቅጂዎችም በ16፥8 ያበቃሉ» ብለው ለረጅም ጊዜ ጽፈው ነበር። ብራናዎቹ አንድ በአንድ ሲታዩ ረጅሙ ፍጻሜ፣ ማለትም እነዚያ 12 ቁጥሮች፣ አላቸው፤ ብዙዎቹ እንዲያውም ከ16፥8 በኋላ የሚገባውን አጭሩን ፍጻሜ ጨምረው ሁለቱንም ይዘዋል። ሳያዩ በእኛ ስም የመሰከሩት የዘመናዊው ወገን ሊቃውንት እንደ ነበሩ ተማሪው ይመዝግብልኝ።

ደግሞ ለጋሼ አንድ ነገር፦ የ1611ዱ ኪንግ ጄምስ ሲታተም በብሉይና በአዲስ ኪዳን መካከል መጽሐፈ ጦቢትን፣ ዮዲትን፣ መቃብያንን ይዞ ነበር። የኋለኞቹ አሳታሚዎች ሲያወጧቸው «ተቀነሰ» ብሎ የጮኸ ከእናንተ ወገን አልሰማሁም።

የነገረ መለኮት ተማሪው፦ መዝግቤአለሁ። የማርቆስን ፍጻሜ የጥንት መሆኑን የሚክድ የለም፤ ኢሬኔዎስ እሱንም ጠቅሷል። ጥያቄው ከማርቆስ እጅ የወጣ መሆኑ ላይ ነው።

ሽማግሌው፦ መጻሕፍቱ በ1611ም ቢሆን ለብቻቸው ነበር የተቀመጡት፤ ወደዚያ ጉዳይ አትውሰደን፣ ዲያቆን። እኔን የሚያሳስበኝ አንደኛ ዮሐንስ 5፥7 ነው። በሰማይ የሚመሰክሩት አብ፣ ቃልና መንፈስ ቅዱስ ናቸው፤ ሦስቱም አንድ ናቸው የሚለውን አውጥተው ጣሉት። ነገ ልጆቻችን ሥላሴን ከየት ያስረዳሉ? ኤራስመስ እንኳ የግሪክ ማስረጃ ካመጣችሁልኝ አስገባዋለሁ ብሎ ቃል ገብቶ፣ መጥቶለት አስገብቷል።

የነገረ መለኮት ተማሪው፦ የቃል ኪዳኑ ታሪክ በየመጽሐፉ ቢደጋገምም ከኤራስመስ ጽሑፎች ማስረጃ አልተገኘለትም። እርግጠኛው ነገር በ1516ና በ1519 እትሞቹ አለማስገባቱ፣ በ1522 ማስገባቱ ነው። ያመጡለት የግሪክ ቅጂ ዛሬ ደብሊን ትሪኒቲ ኮሌጅ አለ፤ የተጻፈውም በዚያው በአሥራ ስድስተኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ፣ ክርክሩ ከተነሣ በኋላ ሳይሆን አይቀርም ይባላል። አሁን፣ ጋሼ፣ በእጅዎ ያለውን የ1954ቱን የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ይክፈቱ። 5፥7 ላይ የሚያገኙት «መንፈሱም እውነት ነውና፥ የሚመሰክረው መንፈሱ ነው» የሚለውን ነው። እርስዎ ከልጅነትዎ ጀምሮ ሥላሴን ያለዚያ ቁጥር ሲያምኑ፣ ሲያስተምሩም ኖረዋል።

ዲያቆኑ፦ ጃንደረባውን ይዞ ያንን ያልያዘ መጽሐፍ! እንግዲህ የአማርኛው ለማናችሁም ሙሉ ጠበቃ አይቆምም።

ሽማግሌው፦ ከፍቼ አየሁት። ተርጓሚዎቹን የተከተሉትን ብጠይቃቸው ደስ ባለኝ።

የሁለት ልጆች እናት፦ ልጄ 14 ዓመቱ ነው። ኪንግ ጄምስን ስሰጠው ሁለት አንቀጽ አንብቦ ዘጋው። የግሪክ ቅጂውን ጉዳይ እናንተ ጨርሱት፤ የማያነበው መጽሐፍ ግን 37 ኖረውም አልኖረውም አንድ ነው።

ኢንጂነሩ፦ ቋንቋው ካስቸገረ ይማሩት። እኛ የግዕዝ ዜማ የምንማረው ሁሉን ተረድተን ነውን?

የነገረ መለኮት ተማሪው፦ ወንድሜ፣ የኪንግ ጄምስ ተርጓሚዎች ራሳቸው አንተ እንደምታስበው አላሰቡም። በ1611ዱ እትም ኅዳግ ላይ ማስታወሻ አስቀምጠዋል፤ ሉቃስ 17፥36 አጠገብ «ይህ ቁጥር በአብዛኞቹ የግሪክ ቅጂዎች የለም» የሚል አለ። ዛሬ ኤን አይ ቪን «ጥርጣሬ የሚዘራ» የሚያሰኘው የግርጌ ማስታወሻ ያኔም ነበር። የኪንግ ጄምስ የግሪክ መሠረት ተብሎ ዛሬ የሚሸጠውም መጽሐፍ፣ ስክሪቭነር የተባለ ሊቅ ተርጓሚዎቹ የመረጡትን ንባብ ከእንግሊዝኛው እየተከተለ አሰባስቦ በ1881 ያሳተመው ነው። ከዚያ በፊት ከኪንግ ጄምስ ጋር በሁሉም ቦታ የሚገጥም የግሪክ እትም አልነበረም።

አስተባባሪዋ፦ በ1982 የወጣው ኒው ኪንግ ጄምስ ቢሆንስ? ቁጥር 37ን በገጹ ላይ አስቀምጦ፣ በብዙኃኑም በዘመናዊውም የግሪክ ጽሑፍ እንደሌለ ከግርጌ ይናገራል። እንግሊዝኛውም ለልጆቹ ይቀላል።

ሽማግሌው፦ በቀኝ እጅ ሰጥቶ በግራ መንጠቅ ነው። ግን ካለቀ በኋላ ከመጣላት ይሻላል። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። እኔ ሰው ሳጠምቅ ውኃ ውስጥ ቆሜ የምጠይቀው ይህንኑ ነው፤ የሚመልስልኝም የጃንደረባውን ቃል ነው። ለልጆቹ ከግርጌ ማስታወሻ አንብቤ ላጥምቃቸው?

የነገረ መለኮት ተማሪው፦ ብዙ ሊቃውንት ቁጥሩ የመጣው ከዚያው ከጥምቀት ሥርዓት ነው ይላሉ፤ እርስዎ የሚያደርጉትን የጥንቷም ቤተ ክርስቲያን ታደርገው ነበር ማለት ነው። ሮሜ 10፥9 ደግሞ ማንም ሳይከራከርበት ያንኑ ይላል።

ሽማግሌው፦ ሮሜ 10 የሁሉም ነው፤ ይኸኛው የእኛ ሰው ቃል ነበር።

ዲያቆኑ፦ የጃንደረባው ንግሥት ኅንደኬ በዛሬዋ ሱዳን የነበረችው የመርዌ ንግሥት ናት የሚሉ የታሪክ ሰዎችም አሉ፤ ያንን ክርክር ግን ዛሬ አልከፍትም።

አስተባባሪዋ፦ ኒው ኪንግ ጄምስን እንደ አማራጭ ጨምሬ ለእሁዱ ስብሰባ አቀርባለሁ። ልጆቹም ድምፅ ይስጡ የሚለው ሐሳብ እስካሁን ከሽማግሌዎቹ መልስ አላገኘም።